ተንቀሳቃሽ አልኩት፤ ተንቀሳቀሰ

እማዬ ስፌት ትሰፋለች። ሙዳይ፣ ሰፌድ፣ ሌማት፣ ትንንሽ የጌጥ ማስቀመጫ። እኔ እሸጣለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነው። እሷ ወስፌዋን ይዛ ስንደዶውን በአክርማ ስትጠቀልል ትከርማለች፤ በዓል ሲቃረብ እኔ ተሸክሜ ባዛር እወጣለሁ።

ችግሩ አቀማመጡ ነበር። መሬት ላይ ሸራ አንጥፈን ነው የምንደረድረው። ሰው ደግሞ ባዛር ሲመጣ መሬት አያይም። ፊት ለፊቱን እያየ ነው የሚያልፈው። አንዷማ አምና ሌማቱ ላይ ቆማ ስልክ አወራች። ጨርሳ ስትሄድ «ውይ ይቅርታ፣ ምንጣፍ መስሎኝ!» አለችን። የእማዬ ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ያን ዕለት ማታ ወሰንኩ። መደርደሪያ እሠራለሁ። ስፌቱ ዓይን ትይዩ የሚሰቀልበት፣ የሚታጠፍ፣ አንድ ሰው የሚሸከመው፣ ተንቀሳቃሽ።

መጀመሪያ የሰፈራችንን አናጢ አማከርኩ። ጋሼ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው አዳመጡኝ። «ቀላል ይሁን» የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ ስል እርሳሱን አወረዱት።

«ስሚ ልጄ፣ ናዝሬት ላይ ቀላል ዕቃ አይቆምም። እግሩ ላይ ክብደት ይፈልጋል።» ጋሼ አዳማን ዛሬም ናዝሬት ነው የሚሏት።

ቀጥለው ዋጋ ጠሩ። ዋጋውን ስሰማ ክብደት ያሉት ነገር የገባኝ መሰለኝ። ብዙ እንጨት ሊሸጡልኝ ነው አልኩ በሆዴ። አመስግኜ ወጣሁ። አካውንቲንግ ተምሬ የጨረስኩ ሰው እንጨት ያቅተኛል እንዴ?

ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። አንድ ፈረንጅ በ6 ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰ። እኔ 9 ቀን ፈጀብኝ። ሰውየው የሚሠራው ጋራዥ ውስጥ እንደሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ነፋስ እንደሌለ ያኔ ልብ አላልኩም።

ከቀጭን ሞራሌ ሦስት ክፈፍ ሠራሁ። እያንዳንዱ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር። ኮምፔርሳቶ ልለብጥበት አስቤ ዋጋውም ክብደቱም አልጣመኝም። አቡጀዴ ወጠርኩበት። ሲመቱት እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ ነው የወጠርኩት። ዳር ዳሩን ጥለት አዞርኩበት። ቋሚ እንጨት፣ አግዳሚ እንጨት፣ የተወጠረ ጨርቅ። ባሕር ላይ ቢሆን ጀልባ ይነዳል። እኔ ግን ያየሁት ጥለቱን ብቻ ነው።

መሣሪያ ያልኩት አንድ መዶሻ፣ ከጎረቤት የተዋስኩት መጋዝና ካቻቢቴ ነው። ትራፓኖ የለኝም። ብሎን ደግሞ ቀዳዳ ካልተጀመረለት ሞራሌውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ያወቅኩት ሁለት ከሰነጠቅኩ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ሹል ነገር ፈለግኩ። የእማዬ ወስፌ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሰባት ቀዳዳ አሳምሮ ሠራ። ስምንተኛው ላይ ጎበጠ።

እማዬ ወደ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችው። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ በዚህ ወስፌ መሶቤን ሰፍታ ነው የዳረችኝ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለሁለት ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ «እንኪ» ብቻ ነበር የምትለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ አዲስ ወስፌ ገዝቼ መጣሁ። ተቀበለችኝ፤ ግን «እጄን አያውቀውም» አለች።

ማጠፊያውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ክፈፍ ዚግዛግ እንዲታጠፍ አንዱ ጥንድ ማጠፊያ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ነው የሚመታው። እኔ ሁሉንም ከፊት መታኋቸው። ሲታጠፍ ሦስተኛው ክፈፍ የሚገባበት አጣ። ግማሽ ተከፍቶ፣ ግማሽ ተዘግቶ፣ የቤቱን መሃል ይዞ ቀረ። ሌሊቱን እሱን ተሻግረን ነው መኝታ የገባነው። በዘጠነኛው ቀን ግን ቆመ። በር ተዘግቶ፣ ግድግዳ አጠገብ ቢሆንም ቆመ። ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ።

የገና ባዛር ቀን ጠዋት ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ መደርደሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ባጃጁን አየ። «እህቴ፣ ይሄ ባጃጅ ነው፣ ኤፍኤስአር አይደለም» ብሎኝ ሄደ። ዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ስለካ የባጃጅ ወንበር አልለካሁም ነበር።

ስለዚህ ጋሪ። መደርደሪያውን አስተኝተን፣ ስፌቱን በላዩ ቆልለን፣ እኔና እማዬ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። ፈረሱ በየመሃሉ አንገቱን እየመለሰ ያየናል። «ቀለሙ ማርኮት ነው» አልኳት እማዬን። ባለጋሪው ምንም አላለም።

ጠዋቱ ልዩ ነበር። መደርደሪያው ነጭ፣ ስፌቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ። ሰው ከሩቅ እያየ ይመጣል። የሚያጎነብስ የለም። ከአምስት ሰዓት በፊት ሦስት ሙዳይ ሸጥን። እማዬ ሁለት ጊዜ ፈገግ አለች። በወስፌው ጉዳይ ምሕረት ወረደ ብዬ ደመደምኩ።

አሁን ስለ አዳማ ነፋስ ልንገራችሁ። ለማታውቁት ነው፤ የምታውቁት ገና ሞራሌ ስል ስቃችኋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። ሁለቱ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላሉ። መሐንዲሶች ነፋስ ለክተው፣ አስልተው የመረጡት አገር ነው። እኔ ደግሞ እዚያው አገር፣ ሜዳ ላይ፣ አቡጀዴ ወጥሬ ቆምኩ።

መጀመሪያ አቡጀዴው ተነፋ። ሆዱ ወደፊት ገፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ገፋ። እየተነፈሰ ይመስል ነበር። ቀጥሎ አቧራ መጣ። ቀጥሎ መደርደሪያው ተራመደ።

አልወደቀም፤ ተራመደ። ዚግዛግ ስለሆነ አንዱን እግር አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ ሦስት እርምጃ ሄደ። ማር የሚሸጡትን ጎረቤቶቻችንን አለፋቸው። እኔ ከኋላ አግዳሚውን ይዤ እጎተታለሁ። ጥበቃው በሩጫ መጣ።

«እህት! ከተመደበልሽ ቦታ መልቀቅ አይቻልም!»

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው!»

«ማነው እሱ?»

መልስ ሳልሰጠው መደርደሪያው በግንባሩ ተደፋ። ስፌቱ ተበተነ። ሙዳይ ክብ ነው፣ ተንከባለለ። ክዳኑ በአንድ በኩል፣ ራሱ በሌላ በኩል። ሌማቶቹ እንደ ጎማ ቆመው ሄዱ። ሰፌዶቹ ግን በረሩ። እህል ሊያነፍስ የተሠራ ሰፌድ ራሱ ነፋስ ወሰደው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ተከትለው ሮጡ። አንድ ትንሽ ልጅ ሙዳይ ራሱ ላይ ደፍቶ መለሰልን።

ሁሉም ተሰበሰበ፣ ትልቁ ሰፌድ ሲቀር። እማዬ ለሦስት ሳምንት የሰፋችው ነው። ስንፈልግ ስንፈልግ ጋሪዎች የሚቆሙበት ደረስን። ያ ጠዋት ያመጣን ፈረስ ቆሟል። ከፊቱ ሰፌዱ። ዳሩን በእርጋታ፣ ቆርጠም፣ ቆርጠም።

«ሣር መስሎት ነው» አለ ባለጋሪው።

«ሣር ነው እንጂ!» አለች እማዬ። «ስንደዶና አክርማ ሣር ካልሆነ ምንድን ነው?»

ዋጋ ጠየቅን። ባለጋሪው ደግሞ ቀይ ወደሆነው የፈረሱ ከንፈር እያመለከተ፣ ቀለሙ ሆዱን ቢያመው ማነው የሚያሳክምልኝ አለ። ክርክሩ ተካረረ። ሰው ከበበን፤ ሽማግሌ ለመሆን የተዘጋጁ ሁለት አባት ብቅ አሉ። በመጨረሻ በነፃ ወደ ቤት ሊያደርሰን ተስማማን። እማዬ የተረፈውን ሰፌድ ይዛ ተሳፈረች። መንገድ ላይ ጥርሱ ያረፈበትን ስትመረምር ቆይታ «መሃሉን ግን አልቻለውም» አለች። ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ማታ የአክስቴ ልጅ መጣ። ምሕንድስና ይማራል። ስቆ ሲያበቃ ስልኩን አውጥቶ አሰላልኝ። ጠቅላላው ጨርቅ 4.8 ካሬ ሜትር ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ወደ 30 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መደርደሪያው ራሱ 12 ኪሎ አይሞላም። «አንቺ መደርደሪያ አልሠራሽም» አለኝ። «137ኛውን ተርባይን ነው የተከልሽው።»

አቡጀዴውን ፈታሁት፤ እማዬ የትራስ ልብስ አደረገችው። በምትኩ ገመድ አግድም አግድም ዘረጋሁ፣ ስፌቱ እሱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ነፋሱም በመሃል ያልፋል። እግሩ ላይ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን አሰርኩ። ባዶአቸውን ይጓዛሉ፣ ባዛሩ ላይ ውኃ ይሞላሉ። ቦታው ሲደርስ 40 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። ጋሼ መጥተው አዩት። «ብዬሽ ነበር» አላሉም። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሄዱ።

የፋሲካ ባዛር ላይ ያንኑ ባለጋሪ ጠራን። ሰላምታ ሳይሰጠን በፊት የፈረሱ አፍ ላይ ከረጢት አሰረ።

ነፋሱ በሰዓቱ መጣ። መደርደሪያው ንቅንቅ አላለም። ስፌቱ ሁሉ ዓይን ትይዩ፣ በየገመዱ ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ደንበኛ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ፀሐይ መትቶታል። ያን ሁሉ ስፌት አልፎ ወደ መሬት ጎንበስ አለና ጀሪካኑን ነካ ነካ አደረገው።

«ውኃው በስንት ነው?»