ዶሎረስ ሁዌርታና የቡሬ በርበሬ ለቃሚዎች

አሜሪካዊቷን የሠራተኞች መብት ታጋይ ዶሎረስ ሁዌርታን የምወዳት በተደራዳሪነቷ ነው። ተማሪዎቿ ተርበውና በባዶ እግራቸው ሲመጡ አንጀቷ አልችል ብሎ ማስተማሩን ተወች፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ከትግል አጋሯ ከሴሳር ቻቬዝ ጋር በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረተች። የ11 ልጆች እናት ናት፤ ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። በ1965 ወይን ለቃሚዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ብዙ ሸማቾችም የወይን ፍሬ መግዛት ተዉ። በ1970 ባለእርሻዎቹ እርሷ የተደራደረችበትን ውል ፈረሙ።

እዚህ ቡሬ እናቴ በርበሬ ለቅማ ስትመለስ እጇ ስለሚያቃጥላት ቅቤ ተቀብታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትተኛለች። ሴቶቹ ሒሳባቸውን የሚጠይቁት ግን በየግላቸው ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ «ነገ» ይባላሉ። ዘንድሮ ለቀማው ሳይጀመር ተሰብስበው ዋጋ እንዲቆርጡ እየወተወትኩ ነው። እናቴ ፈርታለች፤ አክስቴ ግን «እኔ እናገራለሁ» ብላለች።