ጦጣው አላበደም

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቀኔ የሚያልፈው በበሬ፣ በላም፣ በበግና በአህያ ነው። ስለዚህ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ደውሎ «ዶክተር፣ ሻለቃ አብዷል፣ አስተናጋጄን ነክሷታል፣ መርፌህን ይዘህ ቶሎ ድረስ» ሲለኝ የመሰለኝ ውሻ ነው። ስደርስ ሻለቃ ጦጣ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ልጅቷን አየሁ። ክንዷ ላይ ሁለት ቀዳዳና አንድ ረጅም ጭረት አለ። የተፈጨ ቡና ነስንሰውበት በጨርቅ አስረውታል። አስፈታኋትና ቧንቧ ሥር በሳሙና 15 ደቂቃ እንድትታጠብ አደረግሁ። 15 ደቂቃ ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ክንዱ ለተነከሰ ሰው ግን አያልቅም፤ በመሃል «አይበቃም ዶክተር?» ትለኛለች። አይበቃም። ጦጣም የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘውና ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ላክኋት፣ ክትባት ሳትጀምር እንዳትመለስ ብዬ። «ጦጣው ጤነኛ ቢሆንስ?» አለ ባለቤቱ። ቆሞ በማየት ብቻ ጤነኛ ነው ብሎ የሚፈርም ሐኪም ካለ እኔ አላውቀውም።

መርፌውን ሳላወጣ ሻይ አዝዤ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ግራ ገባው።

ሻለቃ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ አንድ እርምጃ ተኩል ቢያስኬደው ነው። ቁጭ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፣ ያቆምና የግራ ክንዱን ጸጉር ይነጫል፣ እንደገና ይወዛወዛል። ክንዱ ገሚሱ ተመልጧል። አንድ ደንበኛ መጣና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኑን እያየ ጥርሱን አገጠጠለት። ሻለቃ ቅንድቡን ሳብ ሲያደርግ ገርጣ ያለው የዓይኑ ሽፋን ታየ፣ ራሱንም ነቅነቅ አደረገ። ሰውዬው ሳቀና ቢስኩት ዘረጋለት። አሁን ሻለቃም ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳየ። «እዩት ሲስቅ!» ተባለ፣ ስልክ ወጣ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ።

አልሳቀም። በጦጣ ዘንድ ዓይን ላይ ማፍጠጥ ጠብ መፈለግ ነው። ቅንድብ ማንሳቱ «ዞር በል» ነው፣ ከንፈር ገልጦ ጥርስ ማሳየቱ ደግሞ ፍርሃት ነው። ነፃ የሆነ ጦጣ በዚህ ሰዓት ዛፍ ላይ ወጥቶ ይገላገላል። የታሰረው ግን የት ይሂድ? አስተናጋጇም እኮ ሥሩ ስትጠርግ ቅንድቡን አንስቶባታል፣ ራሷ በኋላ ነገረችኝ፤ «የሚጫወት መስሎኝ» አለች።

አመጣጡን ጠየቅሁ። በቆሎ እሸት በደረሰ ጊዜ ማማ ላይ ሆነው የሚጠብቁ ልጆች እናቱን በወንጭፍ ጣሏት፣ ጡት ያልጣለው ልጅ እናቱ ደረት ላይ እንደተጣበቀ ተገኘ፣ ባለቤቱም አዝኖለት ገዛው። ክፉ ሰው አይደለም። የላም ወተት በጡጦ እያጠባ አሳድጎታል፣ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይተኛ ነበር። «አምስት ዓመት ምንም አላደረገም፣ ምን ነካው?» ነው የሚለኝ። ምንም አልነካውም፣ ጎረመሰ። ወንድ ጦጣ በዚህ ዕድሜው ክራንቻው ረዝሟል፣ ቦታውንም ማስከበር ይፈልጋል። በጡጦ ያደገ ስለሆነ ደግሞ ቦታ የሚከራከረው ከሰው ጋር ነው።

ጠጋ ስል ሌላ ነገር ሸተተኝ። ወገቡ ላይ የታሰረው የቆዳ ቀበቶ ትንሽ ሳለ የታሰረለት ነው። እሱ አድጓል፣ ቀበቶው አላደገም። ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ከጎን በኩል ጠፍቷል፣ ከጸጉሩ ሥር መግል ይወጣል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልታየው ማንም ስላልነካው ነው።

ባሕር ዳር ካለ የሙያ ባልደረባዬ ኬታሚን የሚባል ማደንዘዣ አስመጣሁ። ጓንትም፣ ማስክም አደረግሁ። ማስኩ ለሱም ጭምር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ ከሰው ወደ ጦጣ ይሻገራሉ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሲተኛ ቀበቶውን በመቀስ ቆርጬ ቀስ እያልኩ አላቀቅሁት፣ የሞተውን ሥጋ አንስቼ አጠብሁ። አፉንም አየሁ፤ የኋላ ጥርሶቹ በስብሰዋል። ለስላሳና ቢስኩት፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ ቢራ ነው ሲጋብዙት የኖሩት። የእግሩ አጥንት ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ የማይነካው ቦታ ታስሮ፣ ካልሲየም የሌለው ምግብ እየበላ ያደገ እንስሳ ምን ይሆናል ታዲያ? ጦጣ እንደኛው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ አይሠራም፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። ቫይታሚን ሲ ያለው ዘይቱን በሞላበት ግቢ ይህን ማጣት ያናድዳል።

ባለቤቱ ከዚያ ድርድር ጀመረ። «ክራንቻውን ንቀልልኝ።» አልነቅልም፤ ቁስሉ መንጋጋውን ሊያመረቅዝ ይችላል፣ በቀሩት ጥርሶችም ይነክሳል። «እሺ፣ ብቸኝነት ከሆነ ሚስት እናምጣለት።» ብቸኝነቱ እውነት ነው፣ ጦጣ በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፣ እርስ በርስ ጸጉር እየፈተሸ ነው የሚውለው፤ ግን ሚስቲቱ ከየት ትመጣለች? ሌላ እናት ተገድላ። «እንግዲያው ዘጌ ጫካ ወስጄ እለቀዋለሁ!» ይሄኛው ደግ ይመስላል፣ ግን የዘጌ ጦጣዎች የራሳቸው መንጋና ወሰን አላቸው፣ እንግዳ ወንድ ይደበድባሉ። እሱ ደግሞ ምግብ የሚያውቀው ከሰው እጅ ነው፤ የመጀመሪያውን ቤት አንኳኩቶ ይነክሳል ወይ በድንጋይ ይሞታል።

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለዎት?» አልኩት። ዝም አለ። ሕጉ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ ስለዚህ ለወረዳው አብረን እናሳውቅ ብዬ ተነጋገርን። ፈራ፣ አጉረመረመ፣ ግን መጣ። የጠራሁት ሐኪም ያስቀጣኛል ብሎ ሌላ ጊዜ እንዳይጠራኝ ሰግቼ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

እስኪወሰድ ድረስ የድሮ ዶሮ ቤቱን ከፍ አድርገን በሽቦ ወንፊት ዘጋነው፣ ገሚሱን ለፀሐይ ክፍት አድርገን። ከሰው ራስ በላይ የሚቀመጥበት ግንድ አደረግንለት፤ ጦጣ ከፍ ካላለ አይረጋጋም። አንዱን ጥግ በጆንያ ጋረድነው፣ ሰው ማየት ሲሰለቸው የሚደበቅበት። ምግቡን በሳህን ማቅረብ ቀረ። ገብስ፣ ጎመንና የተቆራረጠ ካሮት ጭድ ውስጥ ይበተንለታል፣ እሱ እየፈለፈለ ጉንጩን እስኪያብጥ ይሞላና ወደ ላይ ወጥቶ ያኝካል። ግማሽ ቀኑ በዚህ ያልቃል። መወዛወዙ ቀነሰ፣ አልጠፋም። የሚጠፋም አይመስለኝም።

ልጅቷ ክትባቷን ጨረሰች። ወደ ወንፊቱ አትጠጋም፣ ልክ ናት። ደንበኞች አሁንም በወንፊቱ ቀዳዳ ቢስኩት ያስገባሉ፣ ባለቤቱም ራሱ «አትስጡት!» እያለ ይጮኻል። ባለፈው ሳልፍ ከሩቅ ጠራኝ፣ ስለ ቁስሉ ሊነግረኝ ነው ብዬ ነበር።

«ዶክተር፣ የሽቦውን ደረሰኝ ለወረዳው ባቀርብ ይከፍሉኝ ይሆን?»