ጃኬቴ ያፈሳል ብዬ ልጥለው ነበር

ስደት ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ወረቀትና ስለ ሥራ ያልመከረኝ ሰው የለም፣ ስለ ዝናብ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ያለሁበት አገር ዝናቡ መጣሁ ብሎ አይመጣም፣ በቃኝ ብሎም አይሄድም፣ ሲያካፋ ይውላል በቃ። መኪና የለኝም፣ ሥራ በእግሬ 40 ደቂቃ ነው፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ጫካ ለጫካ መዞር ለምደናል፣ እና ዝናብን በደንብ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ጂንስና ወፍራም የጥጥ ሹራብ ነበር የምለብሰው። ጥጥ እኮ ውሃ ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይለቅም፣ ጂንሱ ጭኔ ላይ ተጣብቆ እየከበደ ሥራ እደርሳለሁ፣ ልወጣ ስል ወገቡ ጋ ገና እርጥብ ነው። ከዛ ብሬን አጠራቅሜ ውሃ አያስገባም የተባለ ጃኬት ገዛሁ። ሁለት ክረምት እንደ ንጉሥ ሄድኩበት፣ በሦስተኛው ትከሻዬና ክንዴ ውስጥ ውስጡን ይረጥብ ጀመር። አለቀለት አልኩ፣ ሌላ ልገዛ ሳማርጥ ነበር።

አብረውን የሚሄዱ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ እዚህ ከኛ በፊት የመጡ። እስቲ ስጠኝ ብለው ጃኬቱን ቧንቧ ስር ያዙት። ውሃው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ጠቁሮ ጠጣው፣ የኪሱን ክዳን ገልበጥ አድርገው ሲያፈሱበት ግን እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። «ልጄ፣ ጃኬትህ አላፈሰሰም፣ ቆሽሿል» አሉኝ። አፈርኩ፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም አላጠብኩትም፣ ሳጥበው ይበላሻል ብዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃውን የሚከለክለው ውስጥ ያለው ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን ነው፣ ጎርቴክስ የሚባለው ራሱ ቦብ ጎር የሚባል ሰው በፈረንጅ 1969 ቴፍሎን አሙቆ ድንገት መንጭቆ ሲለጥጠው የተገኘ ነገር ነው፣ ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያስገቡም የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። ከላይ ያለው ጨርቅ ደግሞ ውሃ እንዲንከባለል የተቀባ ነገር አለው። ቅባቱ በቆሻሻ፣ በላብና በቦርሳ ማንጠልጠያ ፍትጊያ ሲደክም ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ያን ጊዜ የላብህ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ውስጥ ውሃ ይሆናል፣ አንተ ጃኬቱ አፈሰሰ ትላለህ እንጂ የረጠብከው በራስህ ላብ ነው። እውነተኛ ማፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት ላይ ወይ ዚፕ ላይ ነው የሚጀምረው፣ አንድ ቦታ ላይ ይታወቃል።

አጠባው ቀላል ነው። ዚፑን ሁሉ ዘግቶ፣ በ30 ዲግሪ፣ ለእንዲህ ዓይነት ልብስ ተብሎ በሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና። የዱቄት ሳሙና ትራፊው ጨርቁ ላይ ይቀርና ውሃ ይስባል፣ ማለስለሻማ ጭራሽ እንዳታስጠጉት። ሁለቴ ማለቅለቅ፣ ከዛ ውስጡ ያለው ምልክት ከፈቀደ በማድረቂያ ዝቅ ባለ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል። ሙቀቱ ነው የደከመውን ቅባት የሚያነቃው፣ እኔ ይሄን ሳደርግ ግማሹ ትከሻ ተመለሰ፣ የቀረውን የሚረጭ ቅባት ገዝቼ ነፋሁበት። አሁን የሚወጡት ፍሎሪን የሌላቸው ቅባቶች ለጤናም ለአካባቢም ይሻላሉ፣ ግን ዘይትና ላብ ቶሎ ያሸንፋቸዋል፣ ስለዚህ አጠባው በዛ ማለት አለበት።

ስትገዙ 10,000 ወይ 20,000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ በሚሊሜትር ነው፣ 10,000 ማለት ጨርቁ ውሃ ከማስገባቱ በፊት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግፊት ይችላል ማለት ነው። እኔ ከቁጥሩ በላይ ብብት ስር ዚፕ መኖሩንና ኮፍያው ፊት ላይ ጠንከር ያለ ጠርዝ እንዳለው ነው የማየው። ስትወጡ ትንሽ ብርድ እንዲሰማችሁ አድርጋችሁ ልበሱ፣ አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ ይሞቃችኋል።

ጫማ ላይ ግን ጥፋቴን ልናገር። አንዴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ በአንገቱ በኩል ውሃ ሞላ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ደግሞ የገባውንም አያስወጣም፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሂተር ላይ አስደገፍኩት፣ ጠዋት ሶሉ ከፊት ተላቆ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። አሁን የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ፣ ጋዜጣውን እቀያይራለሁ፣ ከሙቀት ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ካልሲ ከሱፍ ውጪ አልለብስም፣ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። የዝናብ ሱሪውም ከጫማው በላይ ይውረድ፣ ጫማ ውስጥ ከከተታችሁት ውሃውን ቀጥታ ወደ እግራችሁ ነው የሚመራው።

ቦርሳ ላይ የሚለበሰው ሽፋን ቦርሳው ጀርባችን ላይ የሚያርፍበትን በኩል አይሸፍንም። ይሄን ያወቅኩት የቀጠሮ ደብዳቤዬ ቦርሳ ውስጥ ረጥቦ ማህተሙ ሰማያዊ ጭጋግ ሲሆን ነው፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን ታያለች። ከዛ ወዲህ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ዘርግቼ ሁሉንም እሱ ውስጥ ከትቼ አፉን እጠመዝዛለሁ፣ ወረቀት ደግሞ ለብቻው ሌላ ላስቲክ።

ጃኬቱ አሁን ስድስተኛ ክረምቱ ነው። ሰሞኑን ዚፑ መያዝ ጀምሮ ነበር፣ ጥርሱን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ሻማ አሸሁበት፣ ለጊዜው እሺ ብሏል።