የለመደ ፈረስ ድንገት ሲያምፅ፦ መነሻውን ያገኘሁበት መንገድ

ፈረሱ የስምንት ዓመት ዳማ ነው። በአዊ የጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ከክረምት ጀምሮ ያረፈው ኮርቻ ወጥቶ ልምምድ ይጀመራል። ሲጫን ንቅንቅ የማይለው ፈረስ፣ ልምምዱ በተጀመረ በሳምንቱ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚለጥፍ፣ የሆዱ ማሰሪያ ሲጠብቅ ዞሮ ለመንከስ የሚቃጣ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ራሱን ወደ ላይ የሚወረውር ሆነ። ምክር አልጠፋም፤ ጥጋብ ነው ያለም፣ ቡዳ ነው ያለም፣ አለንጋ ያቀበለም ነበር። እኔ ግን የለመደ ፈረስ ድንገት ከተለወጠ፣ ተቃራኒውን እስካላየሁ ድረስ አሞታል ብዬ ነው የምነሳው።

አፉን ከመክፈቴ በፊት ያሰብኩት ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ፈረስም ይይዘዋል፤ ድንገተኛ ቁጣ አንዱ ምልክቱ ነው። ምራቁ ይዝረበረባል? መዋጥ ያቅተዋል? የኋላ እግሩ ይላላል? የራሱን ገላ ይነክሳል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ እጅ ወደ አፉ አይገባም፤ ፈረሱ ለብቻው ታስሮ ሐኪም ይጠራል። ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ያኔውኑ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። የእኛ ፈረስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አረማመዱም ደህና ነው። ሙቀቱ 37.8፣ ከመንጋጋው አጥንት ስር በጣት የተቆጠረው የልብ ምቱ በደቂቃ 36፣ ትንፋሹ 12። ያረፈ ፈረስ ምቱ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፣ ሙቀቱ እስከ 38.3 ገደማ ቢሆን ጤና ነው። ኮቴዎቹን ጠርጌ አየሁ፤ ድንጋይም፣ ሽታም፣ ትኩሳትም የለም። በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ሲሄድም ራሱን አያነቀንቅም። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል።

ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ መለየት ጀመርኩ። በዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው መነሻውን አያገኘውም፤ ኮርቻውን፣ ልጓሙንና መኖውን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ፈረሱ ቢሻለው እንኳ የትኛው እንደረዳው አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም፣ በራስ ገመድ ብቻ በሁለቱም በኩል አዞርኩት፤ ፈረሱ የድሮው ፈረስ ነው። በሁለተኛው ቀን ኮርቻው ብቻ ተጨመረ፣ ሰው አልወጣበትም። ማሰሪያው ሲጠብቅ ጭራውን ያማታ ጀመር፤ ወደ ግራ ሲዞር እርምጃው አጠረ። በሦስተኛው ቀን ኮርቻው ቀርቶ ልጓም ብቻ ገባለት። እዚህ ላይ ዛቡ (ልጓሙ የሚሳብበት ጠፍር) ሲሳብ ራሱን ወረወረ። ሁለት የተለያየ ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

ጀርባውን በሦስት ጣት፣ ከጋማው መጨረሻ ጀምሬ ከአከርካሪው አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ብዬ፣ በዝግታ እየተጫንኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጎበዝ ለመምሰል በኃይል መጫን ጤነኛውንም ያስጎነብሳል፤ የበሰለ ቲማቲም የማያፈርጥ ግፊት ይበቃል። በግራ ትከሻው ኋላ፣ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ጡንቻው ተንቀጠቀጠ፣ ጀርባውም ወደ ታች ሸሸ። ቁስል የለም፣ ፀጉሩም አልተነሳም። ገጣባ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

ለማረጋገጥ ከኮርቻው ስር የታጠበ ነጭ ነጠላ አንጥፌ 20 ደቂቃ አስኬድኩት። ኮርቻው ሲነሳ ጀርባው በላብ ርሷል፤ ያቺ ቦታ ብቻ ደረቅ ናት። ላብ በዝቶ ሳለ ተለይቶ የደረቀ ቦታ ብዙ ጊዜ ግፊት የበዛበት ነው። በነጠላው ላይም እድፉ እዚያው ጠቁሯል። ኮርቻውን ገልብጬ ቆዳውን ስፈታው፣ የኮርቻው የግራ እንጨት ሳንቃ የታሰረበት ጠፍር በክረምቱ እርጥበት ላልቶ እንደገና ሲደርቅ ሳንቃውን ወደ ውስጥ አዙሮታል፤ ጠርዙ እንደ ቢላ ትከሻው ኋላ ይቆማል። ከላይ ሲታይ ግን ኮርቻው ደህና ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስር ስር ጨርቅ ይደራርባል። ኮርቻው ጠቦ ከሆነ ይህ ይብስበታል፤ የጠበበ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ እንደማድረግ ነው። ሳንቃው በአዲስ ጠፍር ተመልሶ ታሰረ፣ ጠርዙ ተሞረደ። ፈረሱ ሁለት ሳምንት ኮርቻ አልነካውም፤ ጠዋትና ማታ 20 ደቂቃ በእጅ ተመራ።

ሕመሙ ከሄደ በኋላ ትዝታው ይቀራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ነው እንደገና አለንጋ የሚያነሳው። ማሰሪያውን በሦስት ጊዜ አጠበቅኩት፤ ላላ አድርጌ አሥር እርምጃ፣ ጥቂት ጨምሬ እንደገና አሥር እርምጃ፣ ከዚያ የመጨረሻውን። ዞር ብሎ ሳይቃጣ መቆም የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ራስ መወርወሩ ግን በኮርቻው አልሄደም። የሚበላበትን ቦታ ሳይ በግማሽ የታኘከ የድርቆሽ ጉርሻ ወድቋል፤ ፋንድያው ውስጥም ያልተፈጨ ገብስ አለ። ከጉንጩ ውጪ፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ባሉበት መስመር በአውራ ጣት ስጫን በግራ በኩል ራሱን ነጠቀ። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ጥርሱ ሲፋጭ ከላይ የውጭው ጠርዝ፣ ከታች የውስጡ ጠርዝ ሳይበላ ይሾላል፤ የላዩ ጉንጭ፣ የታቹ ምላስ ይቆርጣል። ልጓሙ ሲሳብ ጉንጩ በሹሉ ላይ ይጫናል። ይህን በራሳችሁ ሞረድ አትሞክሩ። የእንስሳት ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥቶ፣ አፉን በመክፈቻ ይዞ ነው የሚሞርደው። በግራ ጉንጩ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ቁስል ነበረች።

ጥጋብ ነው ያሉኝንም አልናቅኩም፤ የሚበላውን ገብስ ከክብደቱ ጋር አመዛዘንኩ። የደረት ዙሪያው 145፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለው ርዝመት 135 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ በርዝመቱ ካባዙ በኋላ ለ11,880 ሲካፈል 239 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለበዓሉ ተብሎ ጠዋት በአንድ ጊዜ 2 ኪሎ ገብስ ይሰጠው ነበር፤ ለዚህ ቁመና ብዙ ነው፣ ቁርጠትም ያመጣል። በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ በታች አድርጌ በሁለት ከፈልኩት፤ ለውጡንም በአሥር ቀን ቀስ በቀስ አመጣሁት። ጠባዩ ላይ ያሳየው ለውጥ ግን ጥቂት ነው።

ጥርሱ ከተሞረደ በኋላ ቁስሉ እስኪድን አሥር ቀን በራስ ገመድ ቆየ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጓሙን በእጄ አሙቄ አቀረብኩለት፤ አፉን ራሱ ከፈተ፤ ወደ ግራ ስመራው አንገቱ ሳይነሳ ታጠፈ።