ታኅሣሥ 29 በኮልክያ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ስለ አንዲት የኢስቶኒያ መንደር ላጫውታችሁ። ኮልክያ ትባላለች።

ለትምህርት ታርቱ ከተማ የገባሁ ዓመት ገና ጭር ብሎብኝ ነበር። የኢስቶኒያ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው የሚውለው። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ሰዉ ዛፉን አውጥቶ ሥራ ገብቷል። እኔም ያን ቀን ፈተና ነበረኝ። ጠዋት እማዬ ስትደውል ድስቱ ሲንተከተክ በስልክ ይሰማኛል። እንባዬን ጠርጌ ነው የወጣሁት።

ከፈተና በኋላ አንድ የክፍሌ ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እንዴ! የአያቴም ገና እኮ ዛሬ ነው፤ እሷ ጋ እየሄድኩ ነው፣ ነይ» አለኝ።

ኮልክያ ከታርቱ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ፔይፕሲ ሐይቅ ዳር ናት። ሐይቁ የእኛን ጣና ያህላል፤ ማዶው ሩሲያ ነው። መንደሩ ሁሉ አንድ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ኮልክያ አለቀች ስትሉ ካሴፓ ይቀጥላል፣ ከዚያ ቫርንያ። በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ይሆናል። ዓሣ አጥማጆቹ ካራካት በሚሉት፣ ራሳቸው በሠሩት ትልልቅ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ በረዶው ላይ ይሄዳሉ። በረዶውን ቀድደው መረብ ያስገባሉ።

አያቱ ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ነጠላ እንደሚከናነቡ እናቶቻችን ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አያይዘዋል። ገብተን ሳንቀመጥ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ዞረው አማተቡ። እጃቸውን አየሁት። ጣቶቻቸው በአፈር ሥራ ደንድነዋል። ሌባ ጣትና መሐል ጣታቸውን አቅንተው፣ ሌሎቹን ሦስቱን አጥፈዋል።

ያቺን መንደር እዚያ ያቆማት ይህ የጣት ነገር ነው ማለት ይቻላል። በ1650ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞስኮው ፓትርያርክ ኒኮን የጸሎት መጻሕፍቱንና ሥርዓቱን ለወጠ። በሁለት ጣት ማማተብ ቀርቶ በሦስት ይሁን ተባለ። ብዙ ሰው እምቢ አለ። በ1666 እና 67 የተደረገው ጉባኤ አወገዛቸው፤ ስደቱም በረታ። ሸሽተው ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የሐይቅ ዳር ነው። «አሮጌ አማኞች» ይባላሉ። በድሮው አቆጣጠር ስለሚሄዱም ገናቸው ከእኛ ጋር ይገጥማል። የሁለቱ ጣት ትርጓሜ (የክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ማለት ነው) ከእኛ ከተዋሕዶ ትምህርት ጋር አይገጥምም። ግን ያባቶቼን አልለቅም ብሎ አገር ጥሎ የሄደን ሰው ማክበር አያቅተኝም። ውግዘቱ የተነሣው በ1971 ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ። ከእነሱ ጋር የቀረ ጳጳስ ስላልነበረ ካህን የሚሾምላቸው አጡ። እስከ ዛሬ የኮልክያን ጸሎት የሚመራው ከምእመናን የተመረጠ ሰው ነው።

ልጁ አንድ አሮጌ የዜማ መጽሐፍ አሳየኝ። ከቃላቱ በላይ መንጠቆ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። ስማቸውም «መንጠቆ» ነው። ድጓችን ላይ ያሉት ድፋትና ጭረት ትዝ አሉኝ። ዝም ብዬ ብዙ አየሁት።

ወጥ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ከምድጃው አጠገብ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቢጫ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል። በሣጥን ደግሞ ለዘር የተቀመጡ ትንንሽ ሽንኩርቶች እሳት ይሞቃሉ። የመንደሩ ኑሮ ዓሣና ሽንኩርት ነው። መሬቱ ጠባብና ረግረግ ስለሆነ አፈሩን በአካፋ ወደ ላይ ቆልለው ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ ሽንኩርቱ ከውኃው ርቆ እንዲደርቅለት። በሶቪየት ጊዜ አያቱ ሽንኩርቱን ሩሲያ ውስጥ ሌኒንግራድ (የዛሬው ሴንት ፒተርስበርግ) ወስደው ይሸጡ ነበር። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ኢስቶኒያ ነፃ ስትወጣ ድንበሩ ዓለም አቀፍ ድንበር ሆነ፤ ያ ገበያም ቀረ። ዛሬ በመከር ወቅት በየደጃፉ ጉንጉኑን ሰቅለው መንገደኛ ይጠብቃሉ። ወጣቱ ታርቱና ታሊን ገብቷል።

ሻይ ከሳሞቫር (ከሩሲያ የሻይ ማፍያ) ቀዱልኝ፤ በጭስ የበሰለ ዓሣም ቀረበ። ልጁ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ ድሮ ከውጭ ለመጣ ሰው የተለየ ዕቃ ነበር፣ ከቤተሰቡ ሲኒ አይጠጣም። አያቱ ግን ከራሳቸው ሲኒዎች አንዱን ነበር የሰጡኝ። ሊቀዱልኝ ሲሉ ቁልቁል አይተው ጠርዙን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት።

ስወጣ አንድ ጉንጉን ሽንኩርት አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይልኩልኛል።

ትናንት ማታ ዶሮዬን ያቁላላሁት በኮልክያ ሽንኩርት ነው። ቀይ አይደለም፤ ግን ቀስ ተብሎ ሲቁላላ ልክ እንደ እማዬ ይሸታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጁ መጥቶ ይወስደኛል። ለአያቱ በትንሽ ድስት ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ በርበሬውን ቀነስ አድርጌ፣ እንቁላሉን ሁለት አድርጌ።

መልካም ገና ይሁንላችሁ!