ከበዓል መልስ የቀንድ አውጣዎቹ አመፅ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ስሠራ ቀንድ አውጣ እናረባ ነበር። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው፣ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ የሚገኘው ዓይነት ነው። ከፋሲካ መልስ በመጀመሪያው ጠዋት የአንዱን ገንዳ ውሃ ከቧንቧ በቀዳነው ቀየርን። ከምሳ ስንመለስ ግማሾቹ ከውሃው ወጥተው መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። የቀሩት ቅርፊታቸው ውስጥ ተሸጉጠው ታች ወድቀዋል። አንዱን በመቆንጠጫ ብነካው ንቅንቅ የለም።

ክሎሪን ነው ተባለ፤ ተለካ፣ አይደለም። ሰላጣው ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ይሆናል ተባለ። ያንኑ ሰላጣ የበሉት የሌላው ገንዳ ቀንድ አውጣዎች ግን ደህና ናቸው። የእነሱ ውሃ ከበርሜል የተቀዳ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው። «ልጆች፣ ይሄ ቧንቧ ከተጠገነ ወዲህ የጠዋቱ ውሃ ብረት ብረት ይላል እኮ» አሉን። ቧንቧ ሠሪው ተጠራ። ለካ የተሰበረውን የተካው ከቦይለር በተረፈ የመዳብ ቱቦ ነው! ውሃው በዓሉን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ከርሟል። መጀመሪያ የሚወርደውንና ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ያለውን ለይተን ለካን። መዳቡ የመጀመሪያው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ሁለተኛው ላይ ወረደ።

መዳብ ለቀንድ አውጣ ጠላት መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድን ኃይል ከማስተዋላቸው በፊትም ቢልሃርዚያን ለመከላከል የመዳብ ሰልፌት ይረጭ ነበር። መዳቡ ስስ ቆዳቸው ጨው ከውሃ የሚስብበትን መንገድ ይዘጋል።

አለቃችን የተማረው ስለ ባሕር እንስሳት ነው። ባሕር በሌለው አገር ስለ ባሕር ዛጎል የሚያወራ ሰው ሲያገኝ አይለቅም። መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል መዳብ ሲሸተው ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ይጠብቃል አለን። ለዘላለም ዘግቶ መኖር ስለማይችል ሲከፍት ብረቱ ሴሎቹ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሜታሎቲዮኒን የሚባል ፕሮቲን ይጠብቀዋል። በ1957 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተገኘው በፈረስ ኩላሊት ውስጥ ነው። ሲስቴይን የሚባል ድኝ ያለው የፕሮቲን መገንቢያ ስለሚበዛበት ብረት ይዞ አይለቅም። በአጥቢ እንስሳት ውስጥ ያለው አንዱ ፕሮቲን ብቻውን ካድሚየም የሚባለውን መርዛማ ብረት ሰባት አተም ይሸከማል፤ እንደኛ ባጃጅ ትርፍ መጫን ይወዳል። ብረት ሲበዛ ሴሉ ፕሮቲኑን ጨምሮ ያመርታል። ምርቱ ካልደረሰ ግን የሴሉ ቆሻሻ ማጣሪያ የሆኑት የላይሶዞሞች ሽፋን መፍሰስ ይጀምራል። ተመራማሪዎች የመስልን ጤና ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው መፍሰስ ነው።

የባሕር ኬሚስትሪ ተመራማሪው ኤድዋርድ ጎልድበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳርቻ ብክለት በመስል ይጠበቅ ያሉት እንስሳው ከቦታው ስለማይነቃነቅና የወራት ብረት በሥጋው ስለሚያከማች ነው። በእኔ ግምት ለሐይቃችንም ቢሆን ከአንድ ቀን የውሃ ናሙና ይልቅ ይኼ ዓይነቱ ይሻላል።

ቧንቧ ሠሪው ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። «ታዲያ እኛስ? ስንጠጣው ነው የከረምነው!» አለ።

«አይዞህ ጋሼ፣ ለሰው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በታች ነን። እነሱን የሚገድለው ከዚያ እጅግ ያነሰው ነው» አለው አለቃችን።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ሠሪው በፕላስቲክ ቱቦ ተካው። መዳቡን ግን አልተወልንም። ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠና «ቆራሌው በደህና ዋጋ ነው የሚወስደው» ብሎን ወጣ።