በሮክዌል ስም የሚሸጠው ምኑ ነው?

በአሜሪካዊው የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊ በኖርማን ሮክዌል ስም ገበያ ላይ የሚቀርብ ነገር ዋጋው ከጥቂት ዶላር ተነስቶ 46 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ምስሉ አንድ ሆኖ ዋጋው ሰማይና ምድር የሚሆነው፣ ከአንድ ምስል ብዙ ዓይነት ዕቃ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሠዓሊው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይቀድማል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮክዌል በ1894 ኒውዮርክ ተወለደ። የመጀመሪያውን የሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት ሽፋን በ1916 በ22 ዓመቱ ሠራ፤ ከዚያም እስከ 1963 ድረስ ለዚሁ መጽሔት ከ320 በላይ ሽፋኖችን ሣለ። አሠራሩ ረጅም ነበር። ሐሳቡን በእርሳስ ይነድፋል፤ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ጎረቤቶቹን ልብስና ዕቃ አሟልቶ ፎቶ ያስነሣ ነበር። ፎቶውን በፕሮጀክተር አጉልቶ በሙሉ መጠን በከሰል ይሥላል፤ ቀለሙን በትንሽ ጥናት ይሞክራል፤ በመጨረሻ በዘይት ቀለም ሸራ ላይ ያኖረዋል። ንድፉ፣ የከሰል ሥዕሉ፣ የቀለም ጥናቱና ሸራው ሁሉም የእጁ ሥራዎች ናቸው፤ የትልቁ ዋጋ ባለቤት ግን ሸራው ነው። ሻጭ «ኦሪጅናል» ሲላችሁ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይግለጽላችሁ።

ዕድሜን ለመመርመር አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ። ፖስት እስከ 1926 መጀመሪያ ድረስ ሽፋኑን የሚያትመው በጥቁርና በቀይ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ለወጣ የፖስት ሽፋን የተሣለ ነው የተባለ ሸራ በሰማያዊና በአረንጓዴ ካሸበረቀ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ሮክዌል በሕይወት ሳለ ብዙ ሐያሲዎች «ገላጭ ሠዓሊ» (ለመጽሔትና ለመጽሐፍ ሥዕል የሚሠራ) እያሉ ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር። እሱም ብዙ ሸራዎቹን ለወዳጆቹ ሰጥቷል፤ በ1943 ደግሞ አርሊንግተን፣ ቨርሞንት የነበረው ስቱዲዮው ተቃጥሎ ብዙ ሥራ ጠፍቷል። በኋላ ግን «ሮዚ ዘ ሪቬተር» የተባለችው ሥዕሉ በ2002 ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2013 ደግሞ የ1951ዱ «ሴይንግ ግሬስ»፣ አያትና የልጅ ልጅ በተጨናነቀ ምግብ ቤት ሲጸልዩ የሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ግምት ወጥቶለት 46 ሚሊዮን አወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግምቱ የመዶሻውን ዋጋ (ጨረታው ሲዘጋ የተጠራውን የመጨረሻ ዋጋ) ብቻ የሚመለከት ሲሆን የሚታወጀው ዋጋ ግን ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለውን ኮሚሽን ይጨምራል። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ዋጋውን ያጋንነዋል።

ዋጋ ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደማይሄድም መታወቅ አለበት። የሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ የማክስፊልድ ፓሪሽ «ዴይብሬክ» በ2006 ለጨረታ ቀርቦ 7.6 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሸራ 5.2 ሚሊዮን ብቻ አወጣ።

በእኔ እይታ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው «ብሬኪንግ ሆም ታይስ» የተባለው የሮክዌል ሥዕል ጉዳይ ነው። የኮሚክ ሠዓሊው ዶን ትራክቲ ሸራውን በ1960 በ900 ዶላር ገዛ፤ በኋላም በእጁ ቅጂ ሠርቶ እውነተኛውን ከቤቱ የውሸት ግድግዳ ጀርባ ደበቀ። ቅጂው በሮክዌል ሙዚየም ሳይቀር ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ፊትና ቀለሙ በመጽሔቱ ከታተመው ሽፋን ጋር እንደማይገጥም ያዩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ጥፋቱን ባልተሳካ እድሳት ላይ አሳበቡ። የትራክቲ ልጆች እውነተኛውን በ2006 አገኙት፤ በዚያው ዓመት በ15.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የባለቤትነት ታሪኩ እንከን ያልነበረው ሥዕል እንኳ ቅጂ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ማንኛውንም ሸራ በዘመኑ ከታተመው ሽፋን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊትን፣ እጅንና የልብስ እጥፋትን አነጻጽሩ።

ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ግን ሸራ ሳይሆን ኅትመት ነው። በ1970ዎቹ ሮክዌል በእርሳስ የፈረመባቸው፣ ቁጥር የተሰጣቸው ሊቶግራፎች (ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ የሚታተሙ) እና ኮሎታይፖች (ከጄላቲን ሰሌዳ የሚታተሙ) ወጥተዋል፤ እነዚህ እንደ ምስሉና እንደ ይዞታቸው ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ያወጣሉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። ምስሉ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ ኦፍሴት፣ ማለትም በማሽን በብዛት የሚወጣ ተራ ኅትመት ነው። ፊርማውም በነዚያው ነጠብጣቦች ከተሠራ አብሮ የታተመ ነው፤ ዋጋ አይጨምርም። የእርሳስ ፊርማ ወረቀቱ በብርሃን ሲዘነበል ያብለጨልጫል። ነጠብጣብ አለመኖሩ ግን ብቻውን የእጅ ሥራ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ኮሎታይፕም እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የለውም። ኅትመቱን ከፍሬሙ ሳታወጡ አትግዙ፦ አሲድ ካለው ካርቶን የመጣ ቡናማ ጠርዝና የተቆረጠ ኅዳግ ዋጋውን ክፉኛ ይጥላሉ፤ ፍሬሙ ደግሞ ሁለቱንም ይሸፍናል።

ሥዕሉን መግዛት የማተም መብት አይሰጥም። በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ከዕቃው የተለየ ንብረት ነው፤ ሸራውን ግድግዳችሁ ላይ ሰቅላችሁ፣ ምስሉን ፖስተር አድርጋችሁ ለመሸጥ ግን የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ትጠይቃላችሁ።